ጋፋትኛን ፍለጋ የመጣው ሰው

(ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይዲሽ የሚባለውን ቋንቋ ያገኘሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በሥራ ላይ ነው። ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። አንድ ጊዜ አንድን ድረ ገጽ ለብዙ ቋንቋ እንዲመች ስናዘጋጅ ቋንቋዎቹን በኮዳቸው መመዝገብ ነበረብኝ። በኮምፒውተር ዓለም እያንዳንዱ ቋንቋ አጭር ኮድ አለው፤ አማርኛ «ኤ ኤም» ነው፣ ይዲሽ «ዋይ አይ» ነው። እኔ «ዋይ አይ» ብዬ አስገባለሁ፣ ጃቫ «ጄ አይ» ብሎ ይመልስልኛል። ግማሽ ቀን የራሴን ስህተት ስፈልግ ዋልኩ። ለካ ስህተት አልነበረም። «ጄ አይ» የድሮው ኮድ ነው። በ1989 ተሽሮ በአዲሱ ተተክቷል፤ ጃቫ ግን የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ብሎ በ2021 እስከወጣው 17ኛው ዕትም ድረስ አሮጌውን ይዞ ኖሯል።

ሥራው አለቀ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ይኼን ያህል የሚጠነቀቁለት ቋንቋ ማን ነው የሚናገረው? የትስ ነው የሚነገረው?

መልሱን ሳነብ ያገኘሁት አንድ አገር አይደለም፤ የመንገድ ካርታ ነው። ይዲሽ ከሺህ ዓመት በፊት ገደማ በጀርመን፣ በራይን ወንዝ ዳርቻ በሚኖሩ አይሁዶች መካከል ተወለደ። መሠረቱ ጀርመንኛ ነው፣ የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ነው፣ በውስጡ የዕብራይስጥና የአራማይስጥ ቃል ሞልቶበታል፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ደግሞ የስላቭ ቋንቋዎችን ቃል ጨመረ። ቀኑ ተለይቶ የሚታወቀው የመጀመሪያው የይዲሽ ጽሑፍ በቮርምስ ከተማ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ በ1272 የተጻፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ መጽሐፉን ተሸክሞ ወደ ምኩራብ ለሚወስደው ሰው የተጻፈች ምርቃት። ከዚያ ቋንቋው ከተናጋሪዎቹ ጋር ወደ ፖላንድ፣ ወደ ሊቱዌኒያ፣ ወደ ቤላሩስ፣ ወደ ዩክሬን፣ ወደ ሮማኒያ ሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረው ነበር። ናዚዎች ከገደሏቸው ስድስት ሚሊዮን ያህል አይሁዶች አብዛኞቹ የይዲሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። ዛሬ በዋነኛነት የሚሰማው በኒው ዮርክ፣ በለንደን፣ በአንትወርፕ፣ በኢየሩሳሌምና በብኔ ብራክ በሚኖሩ የሐሲዲም ሠፈሮች ነው።

ይኼን ሁሉ እያነበብኩ ሳለ ነው አንድ ስም ያጋጠመኝ፤ ቮልፍ ሌስላው። የአማርኛ መዝገበ ቃላትና የሰዋስው መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። የማላውቀው የተወለደው በ1906፣ በፖላንድ፣ ክሼፒጼ በምትባል ትንሽ ከተማ መሆኑን ነው። አይሁዳዊ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱን አጥቶ በወንድሙ እጅ ያደገ፣ የሺቫ በሚባለው የሃይማኖት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው። እና ይኼ ከይዲሽ አገር የወጣ ሰው በ1947 የእኔ አገር ጎጃም ውስጥ እየዞረ ሊጠፋ የደረሰ ቋንቋ ይፈልግ ነበር። ጋፋትኛን።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያደግሁት። ስለ ጋፋትኛ አንድም ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ አልሰማሁም። «ጋፋት» ሲባል የማውቀው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም በዚህ ስም እንደሚጠራ አወቅሁ። ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጋፋት የብረትና የመድፍ ስም ነው። ሰው ይናገረው የነበረ ቋንቋ ስም መሆኑን የነገረኝ ከፖላንድ የመጣ ሰው ነው ማለት ነው። ይኼ አሳፍሮኛል፤ ይኼን ጽሑፍ የምጽፈውም ከዚሁ ሐፍረት የተነሳ ነው።

*

ሌስላው ስለ ጋፋትኛ ሁለት ዋና መጻሕፍት አሉት። አንደኛው በ1945 በእንግሊዝኛ የታተመው የጋፋት ሰነዶች የተባለው ነው። ሁለተኛው በ1956 ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ የታተመው የጋፋትኛ ገላጭና ንጽጽራዊ ጥናት ነው። ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት በማሽን ትርጉም እየተንገዳገድኩ ነው። ስለዚህ ስለ ሰዋስው ክርክሩ ልፍረድ ብል ድፍረት ይሆንብኛል። መናገር የምፈልገው መጻሕፍቱ ስለሚያድኑትና ስለሚተዉት ነገር ነው።

በመጀመሪያ ዓመቶቹን ልብ በሉልኝ። ሌስላው ከፖላንድ ወጥቶ ቪየና፣ ከዚያ ፓሪስ ሄዶ በማርሴል ኮኸን ሥር ተማረ። ጦርነቱ ሲነሳ ፈረንሳይ ውስጥ ታስሮ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ክረምቱን በእስረኞች ካምፕ አሳለፈ፤ በኋላም ኤክስ አን ፕሮቫንስ አጠገብ ወዳለው ሌ ሚል ካምፕ ተዛወረ። በ1942 በእርዳታ ድርጅት አማካይነት አምልጦ አሜሪካ ገባ። የ1945ቱ መጽሐፍ የወጣው ከዚህ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ያኔ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። እሱ ኒው ዮርክ ተቀምጦ የጋፋትኛን ግሥ ሲያረባ፣ ትቶት በመጣው አገር ይዲሽ የሚናገሩ መንደሮች በሙሉ እየተጨፈጨፉ ነበር። የተወለደባት ከተማ አይሁዶችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ነገር አይወራም፤ የሰዋስው መጽሐፍ ነው፣ ሊወራበትም አይችልም። እኔ ግን ይኼን ካወቅሁ በኋላ የግሥ ሠንጠረዦቹን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም።

ኢትዮጵያን ሳያይ እንዴት ጻፈው? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ጎንደር ይመልሰናል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር በነበረበት ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ ተለያዩ የአገሩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ነበር፤ ወደ አማርኛ፣ ወደ አገውኛ ዓይነቶች፣ ወደ ጋፋትኛ። የጋፋትኛው ጽሑፍ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሌስላው የ1945ቱን መጽሐፍ የሠራው ከዚህ ብራና ላይ ተነስቶ ነው።

የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ ይኼን ሳነብ ብድግ አልኩ። ዛሬ ማሽን እንዲተረጉም ስናስተምር የምንፈልገው ነገር ምንድን ነው? አንድ ዓይነት ጽሑፍ በሁለት በሦስት ቋንቋ፣ ዓረፍተ ነገር ከዓረፍተ ነገር ጋር ገጥሞ። ብሩስ ይኼንኑ ሠርቶት ሄዷል፤ ያውም ከ250 ዓመት በፊት፣ በብራና።

ግን ምርጫውን ተመልከቱት። መኃልየ መኃልይ የንጉሥ ፍቅር ነው። የወይን ቦታ፣ ከርቤ፣ የሊባኖስ ዝግባ፣ ሽቱ፣ ገነት። ጋፋቶች ገበሬዎች ናቸው፤ የደጋ ሰዎች ናቸው። ገብስ ሲወቁ ምን እንደሚሉ፣ በሬያቸው ሲለግም ምን ብለው እንደሚገሥጹት፣ ልጅ ሲታመም በምን ቃል እንደሚያባብሉት ከዚያ ብራና አይገኝም። ከአንድ ሕዝብ ቋንቋ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሆኖ የተረፈው የሰሎሞን የፍቅር ቅኔ ሆነ። ውብ ነው፤ ግን የሰውዬውን ቤት ሳያዩ የሠርግ ልብሱን ብቻ እንደ ማየት ነው።

ቢሆንም አንድ ያልታሰበ ነገር አለው። በምሥራቅ አውሮፓ የአይሁድ ትምህርት ቤት ሕፃን ልጅ ቅዱስ መጽሐፍን የሚማረው የዕብራይስጡን ቃል እያነበበ፣ ከሥሩ በይዲሽ እየፈታ ነው። የቅዱሱ ልሳን ዕብራይስጥ ነው፤ ይዲሽ «ማሜ ሎሽን» ይባላል፣ የእማማ ቋንቋ። አንዱ ይነበባል፣ ሌላው ያስረዳል። መኃልየ መኃልይ ደግሞ በአይሁድ ዘንድ በፋሲካ ሰሞን የሚነበብ ነው። እንግዲህ ከየሺቫ የወጣ ሰው ያንን የጋፋትኛ ብራና ሲከፍት ምን እንደተሰማው አስቡት። ፊደሉ የእኛ፣ ቃሉ የማያውቀው፣ ነገሩ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው።

ይኼ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ ነው፤ ግእዙ ይነበባል፣ ትርጓሜው በአማርኛ ይወርዳል። መኃልየ መኃልይም እኛ ዘንድ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር አብሮ በአንድ ጥራዝ የሚገኝ ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል።

*

አባቴ በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ፣ በኋላ መምህር ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባለፈው ዘመን መለወጫ ቤት ስሄድ ከመጽሐፉ ወደ ስልኬ በፊደል የገለበጥኳቸውን ጥቂት ቁጥሮች አነበብኩለት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ትንሽ አዳመጠና፣ «ይኼማ የተሰበረ አማርኛ ነው» አለኝ። «ማነው እንዲህ የሚያወራው? ጉራጌ ነው እንዴ?»

«ጉራጌ አይደለም አባዬ፣ ግን ቅርብ ነህ» አልኩት። እውነትም ቅርብ ነው፤ ጋፋትኛ ከክስታኔ ጋር በአንድ የደቡብ ሴማዊ ቋንቋዎች ክፍል ውስጥ የሚመደብ ነው። ከአማርኛ ጋር ዘመድ ነው እንጂ የአማርኛ ልጅ አይደለም።

«ድገመው እስቲ።»

ደገምኩለት። ሦስተኛው ላይ አባቴ መነጽሩን አወለቀና ግእዙን በቃሉ ማነብነብ ጀመረ። ቁጥሩን ለይቶታል። ከዚያ እኔ አንድ ቃል በጋፋትኛ ስል፣ እሱ በግእዝ ሲመልስ፣ ቡናው ቀዘቀዘብን።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ግን ስለ ግጥምጥሞሹ አይደለም፤ «የተሰበረ አማርኛ» ስላላት ቃል ነው። ይዲሽንም ለዘመናት እንዲህ ብለውታል፤ የተበላሸ ጀርመንኛ፣ «ዛርጎን»። የራሱ ልጆች ሳይቀሩ። በ1908 ቸርኖቪትስ ከተማ ላይ ጸሐፊዎች ተሰብስበው ይዲሽ ከአይሁድ ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው ብለው እስኪወስኑ ድረስ ቋንቋነቱ ራሱ ክርክር ነበር። በኋላም እስራኤል ስትመሠረት ዕብራይስጥ ብቻ እንዲነገር በተፈለገበት ጊዜ የስደት ቋንቋ ተብሎ ተገፋ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

*

ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ጎጃም ውስጥ የጋፋትኛ ቃላት ሰብስቦ ነበር። ያኔ እንኳ አዲሱ ትውልድ ጨርሶ እንደማያውቀው፣ እናውቃለን የሚሉት አዋቂዎችም በደንብ እንደማይችሉት ጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሌስላው ሲመጣ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው አራት ሰው ነው። አራት! የ1956ቱ መጽሐፍ የቆመው በእነዚህ ሰዎች ማስታወስ ላይ ነው።

ለመጽሐፉ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። ጉዞው አንድ አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር። የጣና ዳር የወይጦዎችን የድሮ ቋንቋ ማንም ሳይመዘግበው ቀርቷል፤ ጋፋትኛም እንደዚያ ይሆን ነበር። ሌስላው ከዚያ በኋላም ጋፋትኛን አልረሳውም። በ1987 ባሳተመው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከትግርኛው፣ ከአማርኛው፣ ከጉራጌኛው ጎን የጋፋትኛውም ቃል ሲገኝ ይሰለፋል።

ጥያቄዬም እዚሁ ሰልፍ ላይ ነው። ንጽጽራዊ ጥናት አንድን ቃል «ከየት መጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ማን ለማን፣ መቼ ይልህ ነበር?» ብሎ አይጠይቀውም። ሥራው ስላልሆነ ነው፤ በዚያ ዘመን የነበረው የሙያው ልማድም ይኸው ነው። ግን ውጤቱ ምንድን ነው? ጋፋትኛ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ የዘር ሐረግ ምስክር ሆኖ ኖረ፤ ጎጃም ውስጥ ግን ሞተ። አራቱ ሰዎች በየመጽሐፉ «አራት ተናጋሪዎች» ተብለው ይጠቀሳሉ። በአገራቸው ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር? ለልጆቻቸው ለምን አላስተማሩትም? ያ እንግዳ ሰው ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ደስ አላቸው ወይስ አፈሩ? ለእኔ ትልቁ የመጽሐፉ ጉድለት ይኼ ዝምታ ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የሚያሳየኝ ደግሞ ይዲሽ ራሱ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቪልና የተወለደው ኡሪኤል ቫይንራይኽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሥራ ጀመረ፤ የይዲሽን የቋንቋና የባህል አትላስ። ችግሩ ካርታው ላይ ያሉት ከተሞች ተናጋሪ አልቀረባቸውም። ስለዚህ የተረፉትንና የተሰደዱትን እየፈለገ ስለ ድሮ መንደራቸው ጠየቃቸው። ከ600 ከሚበልጡ ቦታዎች የመጡ ሰዎች ተጠየቁ፤ ከ5 ሺህ ሰዓት በላይ ድምፅ ተቀዳ። ጥያቄው ስለ ቃል አነጋገር ብቻ አልነበረም፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ በዓሉ፣ ስለ ልጆች ጨዋታ ጭምር ነው። ቫይንራይኽ በ1967 ገና በአርባ ዓመቱ ሞተ፤ ሥራውን ባልደረቦቹ ቀጠሉት። ቴፑ ላይ ያሉት ሰዎች አንዲት እናት በአንዲት መንደር ለአንድ ምግብ ምን ስም ትሰጥ እንደነበር ይናገራሉ። ቋንቋው ከነቤቱ ነው የተቀዳው።

እዚህ ላይ ራሴን ላርም። ማነጻጸሩ ልክ የሚያጣበት ቦታ አለ። ይዲሽን የጨፈጨፉት በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ በጦር መሣሪያና በጋዝ ነው። ጋፋቶችን በ1940ዎቹ ማንም አልገደላቸውም። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በኦሮሞ መስፋፋት የተነሳ ከዓባይ ማዶ ወደ ጎጃም ተሻገሩ፤ ዛሬ ዳሞት የምንለው የጎጃም ክፍል ስሙን ያገኘው ከዓባይ በስተደቡብ ከነበረው ከጥንቱ ዳሞት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ሳይታወቅ፣ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በጋብቻው ወደ አማርኛ ገቡ። ሰዎቹ አልጠፉም። እኛ ውስጥ አሉ። ምናልባት እኔ ራሴ ነኝ፤ ማን ያውቃል? ሁለቱን ሞት አንድ ነው ብል ያኛውን ማቃለል፣ ይኼኛውን ማጋነን ይሆናል።

ግን «ቀስ በቀስ» የምትለው ቃል ታመቸናለች። ማንም ተጠያቂ አይሆንባትም። የቤክን ማስታወሻ ደጋግሜ ሳነበው፣ ወጣቶቹ ቋንቋውን አያውቁትም የሚለው ላይ ስደርስ የሚታየኝ አንድ ልጅ ነው።

ሰባተኛ ክፍል እያለን ከአዊ የመጣ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። አፉን የፈታው በአውንጊ ነው። ዛሬ አውንጊ በአዊ ዞን ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ቋንቋ ነው፤ እኛ ያኔ ምን እናውቃለን። ደብረ ማርቆስ ማለት የቅኔ አገር፣ የሐዲስ ዓለማየሁ አገር፣ የጥሩ አማርኛ አገር ነው ብለን ያደግን ልጆች ነን። ልጁ መምህሩ ሲጠይቀው እጁን ያወጣ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቃል አጥብቆ መናገር ሲገባው አላልቶ ተናገረ፣ ክፍሉ ሳቀ። በእረፍት ሰዓት ያቺን ቃል እሱን መስዬ የደገምኳት እኔ ነኝ። ጎበዝ አስመሳይ ነበርኩ፣ ሁሉም ወደደልኝ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ደጋገምኳት። ልጁ ዓመቱን ሙሉ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

ጋፋትኛ የጠፋው እንዲህ ነው ብዬ በማስረጃ ማረጋገጥ አልችልም። ሌስላውም፣ ቤክም አልጻፉትም። ግን የሰዋስው መጽሐፍ የማይነግረን፣ በጥናት ቋንቋ «ተዋጠ» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ውስጥ የሳቀ ሰው እንደነበር እገምታለሁ። ምክንያቱም ስስቅ አውቀዋለሁ።

*

ጋፋትኛ ዛሬ የኮምፒውተር ኮድ አለው፤ «ጂ ኤፍ ቲ»። አማርኛም፣ ይዲሽም፣ ጋፋትኛም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማሽኑ የሞተውንና ያለውን እኩል ያስተናግዳል። ይዲሽ አገር ሳይኖረው የቆየው ግን በኮድ አይደለም። ብሩክሊን ውስጥ ዛሬም ልጅ በይዲሽ ስለሚሰደብ፣ በይዲሽ ስለሚባበል ነው። በዚህ ረገድ ለጋፋትኛ የማደርግለት ነገር የለም። መጽሐፍ ሆኗል።

ከሥራ ውጭ ባለኝ ሰዓት አንድ ትንሽ ገጽ እየሠራሁ ነው። መኃልየ መኃልይ፣ ቁጥር በቁጥር፣ በዓምድ። በመጀመሪያው ዓምድ ግእዙ አለ፤ እሱን አባቴ እያረመልኝ ነው፣ ስህተቴን ሲያገኝ ደስታው ልክ የለውም። በሁለተኛው አማርኛው አለ። በሦስተኛው ጋፋትኛው። አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው። ብሩስ ያንኑ ጽሑፍ ወደ አገውኛም አስተርጉሞት ስለነበር፣ ከዛሬው አውንጊ ጋር አስተያይቶ የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ስልኩን ከድሮ የክፍል ጓደኞቻችን ተቀብያለሁ፤ ኢንጅባራ መምህር ሆኗል አሉኝ። እስካሁን አልደወልኩም።